ምላስ ያልያዘው አጥንት

ሻርጃ፣ መስከረም 28 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለበፍቃዱ አለምነው
መካነ ሰላም

አሰላሙ ዓለይኩም ብዬ ልጀምር፤ አንተ በእናንተው እግዚአብሔር ይመስገን ብለህ ተቀበለኝ። አያቶቻችን ከአንድ እናት ተወልደው አንዱ መስጊድ አንዱ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ በሰላምታ ተጣልተው አያውቁም። ጤናህ እንዴት ነው? ጋሼ አለምነው እንዴት ናቸው? የእናቴስ ጉልበት ተሻለው? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ሥራው ያው ሥራ ነው፤ ሙቀቱም በረድ እያለ ነው።

መመረቅህን እዚህ የምትሠራው የአገራችን ልጅ ራሕማ ከአገር ስትመለስ ነገረችኝ። የድንጋይ ትምህርት ነው የተማረው ስትለኝ መጀመሪያ ሣቅሁ፤ በእኛው ቦረና ድንጋይ አጥቶ ነው ዩኒቨርሲቲ ድረስ የሄደው ብዬ። አሁን ግን አላህ ለእኔ ብሎ ያስተማረህ መሰለኝ። ነገሩን ልንገርህ።

የምሠራበት ቤት ጌታ፣ እኛ ባባ የምንለው፣ አሮጌ ነገር መሰብሰብ ይወዳል። አሁን አቡ ጃሲም የሚባል ነጋዴ ጓደኛው ሙቀጫ የሚያክል አጥንት አምጥቶ እንግዳ መቀበያው ውስጥ በማቆሚያ ላይ አስቀምጦለታል። የዳይኖሰር የጀርባ አጥንት ነው ይላል። ባባ እስከ አረፋ አይቶ አስቦበት፣ ከአረፋ በኋላ ሊከፍል ነው። የሚከፍለውን ሲነጋገሩ ሰምቻለሁ፤ ብነግርህም አታምነኝም።

የባባ እናት ማማ ኩብራ ግን ነጋዴውን አላመኑትም። እኔ የማስታምማቸው እሳቸውን ነው። እግራቸውን እያሸሁ ሳለ፣ በእናንተ አገር መሬቱ አጥንት ያወጣል ሲሉ በቴሌቪዥን ሰምቻለሁ፣ የሚያውቅ ዘመድ የለሽም ወይ አሉኝ። አለኝ አልኩ። "ከአረፋ በፊት እውነቱን ካመጣሽልኝ፣ ፓስፖርትሽን ከልጄ መሳቢያ አስወጥቼ አገርሽ ደርሰሽ እንድትመጪ አደርጋለሁ" አሉኝ።

እንግዲህ በፍቃዱ፣ ከመጣሁ ጀምሮ ፈቃድ የሚባል ነገር አላየሁም። ልጄን ኡምኩልሱምን ጥያት ስወጣ ጡት የጣለች ሰሞን ነበር። አሁን ትምህርት ቤት ገባች ይሉኛል። ሐቁ ይሄው ነው፤ ሌላ አልጨምርም።

አጥንቱ እውነተኛ ይሁን አይሁን፣ ከሆነስ የማን እንደሆነ፣ በምን እንደሚለይ ጻፍልኝ። ስልክ ግን እንዳትደውል። ለእናቴ የሰጠኋት ቁጥር ለሞት ለሽረት ነው። ደብዳቤውን ከጀርባ ባለው አድራሻ ላከው፤ ባቃላ የሚሉት የሰፈሩ ሱቅ ባለቤት ህንዱ ይቀበልልኛል፤ ዕቃ ስገዛ ከሽንኩርቱ ጋር ይሰጠኛል።

አላህ የተማርከውን ይባርክልህ።

እህትህ ሀዲያ


መካነ ሰላም፣ ኅዳር 9 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለእትዬ ሀዲያ

ይህ ደብዳቤ በጤና፣ በሰላም፣ በመልካም ቀን ያግኝሽ። እንኳን ለዒዱ አደረሰሽ። እኛ ደህና ነን። አባቴ ሰላም ብለውሻል። የእቴቴ ዙሀራ ጉልበት ክረምቱን አስቸግሯቸው ነበር፤ ፀሐይ ሲወጣ ተሽሏቸዋል።

ደብዳቤሽን ፖስታ ቤቱ በር ላይ ቆሜ አነበብኩት። ዘግይቼ የመለስኩት ገጠር ስለነበርኩ ነው፤ በወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት በጊዜያዊነት ተቀጥሬ የእጅ ጉድጓድ አስቆፍራለሁ። የአዲስ አበባውን የሥራ ማስታወቂያ እየጠበቅሁ ነው። እዚህ ማንም ምን እንደተማርኩ አይገባውም። የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ እንኳ ድንጋይ ያጠና ሰው ብሎ የአጥሩን ካብ እንዳስተካክል ጠይቆኛል። አንቺ ግን የጠየቅሽኝ ትክክለኛውን ጥያቄ ነው። አራት ዓመት ሙሉ አንድ ሰው እንዲጠይቀኝ ስጠብቅ የነበረው ይህንን ነው።

አሁን በደንብ ስሚኝ። አጥንት መሬት ውስጥ ዘመን ቆጥሮ ድንጋይ ሲሆን እንኳ ውስጡ የማር እንጀራ እንደመሰለ ይቀራል። ስለዚህ እርጥበት ይጠጣል። ምላስሽን ብታስነኪው ይይዝሻል፤ ስታላቅቂው ይታወቅሻል። ተራ ድንጋይ ወይም ቀልጦ የፈሰሰ ፕላስቲክ ግን ያንሸራትታል። በዩኒቨርሲቲ ጊዜ መስክ ስንወጣ ሁላችንም ጠጠር ስንልስ የሚያዩን ገበሬዎች ርሃብ ገባ ወይ ይሉን ነበር። ምላስ አይዋሽም። ሁለተኛው ፈተና መርፌ ነው፤ በእሳት አግለሽ ከሥር በማይታየው በኩል ንኪው። የላስቲክ ሽታ ከሸተተሽ የሰው እጅ ሥራ ነው። ከተቻለሽ ፎቶውን ላኪልኝ፤ የማን አጥንት እንደሆነ ከቅርጹ እነግርሻለሁ።

ሌላ ደግሞ፣ የሚያጎላ መነጽር፣ ትንሽ በኪስ የምትያዝ፣ እዚያ ርካሽ ከሆነች አስቢኝ። የግድ አይደለም።

ኡምኩልሱም ፊደል ጨርሳ ማንበብ ጀምራለች። ለእቴቴ ዙሀራ ደብዳቤሽን ሳነብላቸው ስለ ፈቃዱም ነገርኳቸው። እሳቸውም ለልጅቷ ነገሯት። ቤቱ በአንድ ጊዜ ሌላ ሆነ።

አምላክ የእጅሽን ሥራ ያቅናልሽ።

ወንድምሽ በፍቃዱ


ሻርጃ፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለበፍቃዱ

ሰላም ላንተና ለቤቱ ሁሉ ይሁን። እኔ ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ።

ለምን ነገርካቸው? አልቆጣህም፣ ግን ለምን ነገርካቸው? እናቴ እኮ ይሆናል ያልከውን ሆነ ብላ ነው የምትሰማው። ልጅቷ ደግሞ ልጅ ናት።

ያልከኝን አድርጌያለሁ። ባባ ለጁምዓ ሲወጣ አቧራ የምጠርግ መስዬ ጨርቄን ይዤ ገባሁ። ግራ ቀኝ አየሁና ላስኩት። ወላሂ ላስኩት። በኋላ ብቻዬን ወጥ ቤት ገብቼ እስኪያመኝ ሣቅሁ፤ ለሰው ቤት ሥራ ብዬ ባሕር ተሻግሬ አጥንት ስልስ። ምላሴን አልያዘኝም። ምንም። የሸክላ ሳህን እንደመላስ ነው፤ ያንሸራትታል፤ ያብረቀርቃልም። መርፌውንም ከሥሩ አስነካሁት፤ ፌስታል ሲቃጠል የሚሸተው ሽታ ሸተተኝ። መስኮት ከፍቼ አናፈስኩ።

ፎቶውን ማማ ኩብራ ራሳቸው ናቸው የሰጡኝ። ሁለት ነው፤ ከፊትና ከጎን። አጠገቡ ያለው እጅ የእኔ ነው፣ መጠኑ እንዲታይህ። እጄ ትንሽ ተቃጥሎ ነበር፣ ድኗል። ስለ እጄ ለእናቴ አታንብብላት። የመነጽሩን ነገር አልረሳሁም፤ ገበያ የምወጣበት ቀን ካገኘሁ።

አቡ ጃሲም በየሳምንቱ ይመጣል። ሻይ ሳቀርብለት አላህ ይስጥሽ ይለኛል፤ ሌላው እንግዳ እንኳ እንዲህ አይለኝም። ከአረፋ በፊት አንድ ቃል ብቻ ጻፍልኝ፤ ነው ወይም አይደለም። እርግጠኛ ካልሆንክ እርግጠኛ አይደለሁም በለኝ። ይህ በቀልድ የሚያዝ ነገር አይደለም። ሰውየውን ሐሰተኛ ብዬ ሐሰተኛ ካልሆነ እዚህ ቤት መቆሚያ የለኝም።

ሀዲያ


መካነ ሰላም፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለእትዬ ሀዲያ

ጤናና ደስታ ከአንቺ ጋር ይሁን።

አንድ ቃል ብለሻልና አንድ ቃል እጽፋለሁ። አይደለም።

ምላስ አልያዘም፤ በመርፌ ላስቲክ ሸቷል፤ ሁለት ምስክር ነው። ሦስተኛው ምስክር ፎቶው ነው። እንዲህ የሚያክሉ የዳይኖሰር የጀርባ አጥንቶች በመጽሐፍ ያየኋቸው ከጎንና ከጎናቸው ቦርቦር ያሉ ናቸው። ይሄኛው ድፍን ነው፣ ክብ ነው፣ እውነትም ሙቀጫ ነው። የሠራው ሰው እጁ ጥሩ ነው፤ ትምህርቱን ግን አልተማረም። ሳየው ወዲያው ነው የታወቀኝ።

በሙሉ ልብ ለማማ ኩብራ ንገሪያቸው። ማን አለ ቢሉሽ በፍቃዱ አለምነው፣ በሥነ ምድር የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው በይ። ከዚህ በታች ፈርሜያለሁ፤ ከፈለጉ ያሳዩት።

እቴቴ ዙሀራ ጓሮ ያለችውን በግ ከገበያ አስቀርተዋታል። ለምን እንደሆነ መንገር አያስፈልገኝም።

ወንድምሽ በፍቃዱ አለምነው (ፊርማ)


ደሴ፣ ጥር 5 ቀን 1997 ዓ.ም.

እትዬ ሀዲያ

ሰላምታውን ይቅር በይኝ፤ ቸኩያለሁ። ይህ ደብዳቤ ካለፈው ቀድሞ የሚደርስበት መንገድ ቢኖር ኖሮ በእግሬም እሄድ ነበር። ለማንም ምንም ያልተናገርሽ ከሆነ ዝም በይ። ያልኩሽን አትበይ።

የሆነው እንዲህ ነው። ወደ አባይ ቁልቁለቱ በኩል ባለች ጎጥ ጉድጓድ እያስቆፈርኩ ነበር። እትዬ ይርገዱ የሚባሉ ባልቴት አሉ፤ ቤታቸው ደጃፍ ዋርካው ሥር የዘንዶ ጉልበት የሚሉት ነገር አለ። ከገደሉ የወጣው በአያታቸው ዘመን ነው ይላሉ። ሴቶች ሽል እንዳይወርድባቸው፣ ላም እንዳትነጥፍባቸው ቅቤ ይቀቡታል፤ ክርስቲያኑም እስላሙም። አንቺም ስለሱ ሳትሰሚ አትቀሪም። እኔም ሄጄ አየሁት። ጥቁር ነው፣ ያንጸባርቃል። ሰው ሁሉ ቆሞ እያየኝ ጎንበስ ብዬ ላስኩት።

እትዬ ይርገዱ፣ "የአለምነው ልጅ፣ ለዚህ ነው አባትህ በሬ ሸጦ ያስተማረህ? ድንጋይማ ፍየሎቼም ይልሳሉ" አሉኝ። ሰው ሣቀ። እኔም ምላሴን ስላልያዘኝ ኮራ ብዬ፣ ይሄ ተራ ጥቁር ድንጋይ ነው፣ አጥንት አይደለም፣ ብዬ ፈረድኩ። ደስ አላላቸውም።

ወደ ጉድጓዱ ስመለስ አፌ ውስጥ የቆየ ቅቤ ጣዕም አልለቅ አለኝ። ተፋሁት፤ አልለቀቀም። መንገዱ መካከል ላይ ቆምኩ። እትዬ ሀዲያ፣ እኔ የላስኩት ድንጋዩን አልነበረም። የላስኩት የስንት ሴት ቅቤ ነው።

ተመልሼ ለመንኳቸው፤ ከሥሩ ትንሽ ልጠብ አልኩ። የሰው ስለት አታጥብብኝ ብለው እንቢ አሉ። በኋላ የአዲስ ላም ቅቤ አምጥቼ ራሴ መልሼ እንድቀባው አስምለው ፈቀዱልኝ። በፈላ ውሃና በእንዶድ ፈተግሁት። ከሥሩ የማር እንጀራ የመሰለ ቀዳዳ ወጣ። ምላሴን ሳስነካው ያዘኝ፤ ሳላቅቀው ቆዳዬ ተሳበ። አጥንት ነው። የማን አጥንት እንደሆነ አላውቅም።

ገባሽ? አጥንት ተቀብቶ ከሆነ ምላስ አይዝም። የእናንተው ያብረቀርቃል ብለሽ ጽፈሽልኝ ነበር። ነጋዴዎች እንዳይፈረካከስ ቫርኒሽ የመሰለ ነገር ይቀቡታል፤ ተምሬዋለሁ፤ ፈተና ላይም መጥቶልኛል፤ ግን አላሰብኩትም። የሸተተሽ ላስቲክ ቅቡ ሊሆን ይችላል። የጎኑም ነገር በመጽሐፍ ካየሁት ውጭ ዳይኖሰር የለም ማለት አይደለም። ስለዚህ ሐሰተኛ ነው ለማለት አልችልም፤ እውነተኛ ነው ለማለትም አልችልም። በጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አሴቶን ከሥሩ ትንሽ ካልተጠረገ ማንም መናገር አይችልም።

ትናንት ቴሌ ሄጄ ደወልኩ። እንዳትደውል ያልሽኝን ረስቼ አይደለም። የወንድ ድምፅ ነው ያነሳው። አሎ፣ አሎ ሲል ዘጋሁት። ከዚያ በአይሱዙ ተጭኜ ደሴ መጣሁ፤ ከዚህ በአደራ ደብዳቤ ከተላከ ይፈጥናል ስላሉኝ።

እግዚአብሔር ቀድሞ ይድረስልሽ።

በፍቃዱ


መካነ ሰላም፣ የካቲት 11 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለእትዬ ሀዲያ

እንደምን ሰንብተሻል? እኛ ደህና ነን፤ ያንቺን ደህንነት ብቻ ነው የማናውቀው።

አረፋ አልፎ ስንት ጊዜ ሆነ። የፖስታ ቤቱ ሰውዬ ገና መንገድ ማዶ ሲያየኝ ራሱን ይነቀንቃል፤ እኔም መንገዱን ሳልሻገር እመለሳለሁ። የአዲስ አበባው ማስታወቂያ ወጥቶ ነበር፤ አላመለከትኩም። በምን አፌ ይህን አውቃለሁ ልበል?

ለእቴቴ ዙሀራ ሥራ በዝቶባት ይሆናል እላቸዋለሁ። እሳቸውም አዎ ሥራ በዝቶባት ነው ይሉኛል። ሁለታችንም እንዲህ ተባብለን እንለያያለን። መነጽሩን ተይው። ምንም አትላኪ። ደህና ነኝ የሚል ቃል ብቻ ጻፊ።

በፍቃዱ


ሻርጃ፣ መጋቢት 3 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለበፍቃዱ

አሰላሙ ዓለይኩም። ደህና ነኝ። የጠየቅኸኝ ቃል ይኸው። አሁን ቁጭ ብለህ አንብበው፣ ለብቻህ።

የታኅሣሡ ደብዳቤህ የደረሰኝ በአረፋ ዋዜማ ነው። ለማማ ኩብራ ነገርኳቸው። እሳቸው ደግሞ መጠበቅ አያውቁም፤ በበዓሉ ምሳ፣ አቡ ጃሲም ራሱ ተቀምጦ ሳለ፣ ይሄ ሰውዬ ላስቲክ እየሸጠልህ ነው አሉት ለልጃቸው። አቡ ጃሲም ማን እንዳለ ጠየቀ። ጠሩኝ። ዘመዴ ነው፣ የተማረ ነው ብዬ ስምህን ተናገርኩ። እንደ ሌላው ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። እጁን ታጠበ፣ ጫማውን አደረገ፣ ወጣ። አጥንቱ ቀረ።

ማማ ኩብራ ቃላቸውን ጠበቁ። በማግስቱ ፓስፖርቴ እጄ ገባ። ገለጥኩት፤ ፎቶው ላይ ያለችው ልጅ ታናሽ እህቴ ትመስላለች። ትኬት ሊቆረጥልኝ ነበር።

ከዚያ ህንዱ የደሴውን ደብዳቤህን ሰጠኝ።

እውነቱን ልንገርህ፤ አነበብኩና ደበቅሁት። ማን ያውቃል? አንተና እኔ ብቻ። አጥንቱን ባባ አልገዛም፤ ምንም አልከሰረም። እናቴን አየሁ ማለት ነው፣ ልጄን አቀፍኩ ማለት ነው፤ ለዚያ ዝም ማለት ምን አለው አልኩ። ግን የአቡ ጃሲም ወሬ ሰፈሩን ሞላው። ሌሎች ደንበኞቹም የገዙትን ዕቃ መለሱለት። ሚስቱ ማማ ኩብራ ዘንድ መጥታ አለቀሰች፤ ሻዩን የማቀርበው እኔ ነኝ። እሷም እንደ ባሏ አላህ ይስጥሽ አለችኝ። በፍቃዱ፣ የሰው ሐቅ ተሸክሜ የእናቴን ደጃፍ መርገጥ ፈራሁ።

ለማማ ኩብራ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የይርገዱን ድንጋይ፣ የሴቶቹን ቅቤ፣ አንተ መንገድ ላይ ስትተፋ። እስኪያስላቸው ሣቁ። ከዚያ አሴቶኑን አምጪ አሉኝ። ከሥሩ ጠረግሁት፤ ጨርቁ ላይ ቢጫ ነገር ወጣ። ምላሴን ላወጣ ስል፣ "ያንቺን ምላስ ከእንግዲህ አላምንም፤ የራሴን ላምጣ" አሉና ደግፌያቸው ጎንበስ አሉ። ያዛቸው። ማሻአላህ አሉ፣ ምላሳቸው ገና ሳይላቀቅ።

አቡ ጃሲም ተጠርቶ መጣ፤ አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር ይዞ። መምህሩ ብዙ አገላብጦ አየው። አጥንቱ እውነተኛ ነው፣ እጅግም የቆየ ነው አለ። ዳይኖሰር ግን አይደለም፤ የዓሣ ነባሪ ወገን የሆነ የባሕር አውሬ ነው። አቡ ጃሲም ራሱ ሲሰማ ደነገጠ፤ ለእሱም ዳይኖሰር ብለው ነው የሸጡለት። ስለዚህ ሰውየው አላጭበረበረም፣ አጥንቱም ዳይኖሰር አልሆነም። አንተም ስተሃል፣ ትንሽ ደግሞ አልሳትክም። እንዲህም ይኖራል እንግዴ።

ባባ ግን ተዋርዷል። መጀመሪያ ለጓደኞቹ ዳይኖሰር አለኝ ብሎ፣ ቀጥሎ ተታለልኩ ብሎ፣ አሁን ደግሞ ዓሣ። ጓደኛውን ሊያባርር አይችልም፤ መምህሩንም አይችልም። "ዛሬ ውሸት፣ ነገ እውነት የምትል ሴት ቤቴ አታድርም" አለኝ። ስለ ስልኩም አነሳ፤ "ከኢትዮጵያ ደውሎ ድምፄን ሲሰማ የሚዘጋው ማን ነው" አለኝ። ማማ ኩብራ አለቀሱ፤ እኔ ያልኳት ለፈቃድ ነው አሉት። አልሰማቸውም። ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ተሰርዟል። መጋቢት መጨረሻ ላይ እገባለሁ፤ መመለሻ የለውም።

አንተ ላይ ቂም የለኝም። ዝም ብል ኖሮ በፈቃድ መጥቼ እመለስ ነበር፤ መናገርን የመረጥኩት እኔ ነኝ።

አሁን አንድ ነገር አድርግልኝ። ለእናቴ ፈቃድ ነው በላት፤ የሁለት ወር። ቤቱ ገና ቆርቆሮ አልለበሰም፣ የልጅቷ ነገር አለ፣ ከአሁኑ ሐሳብ እንዳይገባት። ተባረርኩ ብዬ ደጃፏ ላይ መቆም አልችልም። ከገባሁ በኋላ፣ ቀስ ብዬ፣ በራሴ አፍ እነግራታለሁ። ስንት እውነት አስወራኸኝ፤ ይህችን አንዲት ውሸት ደግሞ አንተ ያዝልኝ።

እህትህ ሀዲያ


መካነ ሰላም፣ መጋቢት 24 ቀን 1997 ዓ.ም.
ደሴ መናኸሪያ በሾፌሩ በንጉሡ እጅ የሚሰጥ

ለእትዬ ሀዲያ

እንኳን ለአገርሽ አፈር አበቃሽ። የሄድሽበትን እግር ደህና አድርጎ የመለሰ ይመስገን።

ንጉሡ የእኛ አገር ሰው ነው፤ የመካነ ሰላሙ መኪና የእሱ ነው። ፊት ለፊት ያለውን ወንበር ይዞልሻል። ይህን እስከ አቀስታ ድረስ አንብበሽ ጨርሺው፤ ከዚያ በኋላ መንገዱ አያስነብብም።

ያልሽኝን አድርጌ ነበር። እቴቴ ዙሀራ ዘንድ ሄጄ፣ ሀዲያ ልትመጣ ነው፣ የሁለት ወር ፈቃድ አግኝታለች አልኳቸው። እልል አሉ፤ ጎረቤቱ ተሰበሰበ። ኡምኩልሱም ጓሮ ሮጠች፤ የት እንደገባች ለጊዜው ጠፋችብን። በጓ አጠገብ ቁጭ ብላ አገኘኋት። ስትመጣ ምን ብዬ ነው የምጠራት አለችኝ። እማዬ በያት አልኳት። እማዬማ እቴቴን ነው የምለው አለችኝ። ስትደርሺ ብትደበቅብሽ እንዳትከፊ፤ አትጎትቻት፤ ራሷ ትመጣለች።

ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ እቴቴ ዙሀራ ጠሩኝ። "በፍቃዱ፣ ፈቃድ አይደለም፤ አይደለም?" አሉኝ። ፈቃድ ነው አልኳቸው። አዩኝና፣ "ለፈቃድ የሚመጣ ሰው ምን ላምጣላችሁ ብሎ ይጠይቃል። የነዙቤዳ ልጅ ከዓረብ አገር ስትመጣ ስንቱን ጠየቀች፤ የምንጣፉን ቀለም እንኳ ጠየቀች። ልጄ ምንም አልጠየቀችኝም" አሉ። ዝም አልኩ። ዝምታዬን ለመልስ ቆጠሩት። አላለቀሱም። አልሐምዱሊላህ፣ ሬሳዋን አልላኩልኝም፣ ቆርቆሮውን አላህ ያውቃል አሉ። ወዲያው ደግሞ አስማሉኝ፤ እንዳወቅሁ እንዳትነግራት፣ ሰው የራሱን በራሱ አፍ ይናገር፣ እኔም የሁለት ወር እንግዳ አድርጌ እቀበላታለሁ አሉኝ።

እንግዲህ እሳቸውም ዝም በል ብለውኛል፤ አንቺም ዝም በል ብለሽኛል። መሐላዬን ማፍረሴ ነው፤ አውቃለሁ። ግን እውነት ዘግይቶ ሲደርስ የሚያደርገውን አንዴ አይቻለሁ፤ ሁለተኛ ላየው አልፈልግም። ሁለታችሁ አንድ ቤት ውስጥ ተቀምጣችሁ አንዳችሁ ለአንዳችሁ ስትዋሹ ሁለት ወር ሙሉ ማየት አልችልም።

ስለዚህ እትዬ፣ መንገዱን ሙሉ ፈቃድ ነው ማለትን አትለማመጂ። ደጃፉ ላይም ቆመሽ ቃል አትፈልጊ። እናትሽ ያውቃሉ። ዝም ብለሽ ግቢ።

ወንድምሽ በፍቃዱ